በምን ተሸለመ?

ባለፈው ክረምት አንድ የኮድ ሥራ ያዝኩ። ደንበኛዬ ውጭ አገር የሚኖር፣ የድሮ ኒሻን የሚሰበስብና የሚሸጥ ሰው ነው። የፈለገው ነገር ቀላል ነበር፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገሉ የጀርመን መኮንኖች የሚፈለጉበት ዳታቤዝ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ማዕረግ፣ ማዕረጉ የተሰጠበት ቀን፣ ክፍለ ጦር፣ ኒሻን፣ ኒሻኑ የተሰጠበት ቀን። በቃ።

እኔ ምህንድስና የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ንጹሕ ሠንጠረዥ ሳይ ደስ ይለኛል። ቀኑ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ሲቀመጥ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሳይመዘገብ ሲቀር፣ ፍለጋው በሰከንድ ውስጥ መልስ ሲያመጣ፣ ዓለም የተስተካከለች ይመስለኛል። ሥራው ጣፈጠኝ ብል ውሸት አይሆንም። የማላውቃቸውን ሰዎች ሹመት በቀን፣ በወርና በዓመት ሸመደድኩ።

አንድ ማታ ሳሎን ቁጭ ብዬ የፎቶ ገጹን ስሞክር አያቴ አጠገቤ ቡና ታፈላ ነበር። ስክሪኑ ላይ አንገቱ ሥር መስቀል ያንጠለጠለ መኮንን ወጣ።

«ማነው ይሄ?» አለችኝ።

«ጀርመን ነው እማማ። የድሮ ወታደር።»

«ኒሻን አለው።»

«አዎ፣ ትልቅ ኒሻን ነው።»

«በምን ተሸለመ?»

ዝም አልኩ። ሠንጠረዤ ውስጥ «መቼ» አለ። «ስንተኛ ተሸላሚ» የሚል አለ። «በምን» የሚል ዓምድ ግን አልሠራሁም። ማንም አልጠየቀኝማ!

ለእሷ ይሄ የረቀቀ ጥያቄ አይደለም። የአባቷ የአርበኝነት ኒሻን በነጭ መሀረብ ተጠቅልሎ ሳጥኗ ውስጥ አለ። አንዳንዴ ስታወጣው ብረቱን አይደለም የምታሳየን፤ የት እንደተሰለፈ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ አብረውት ወጥተው ያልተመለሱት እነማን እንደሆኑ ነው የምትነግረን። ታሪክ የሌለው ኒሻን ለእሷ ቆርቆሮ ነው።

ይህን የምጽፈው ጥያቄዋ ስላልለቀቀኝ ነው። የምለውም አንድ ነገር ነው፦ የእነዚህን መኮንኖች ሕይወት በማዕረግና በኒሻን ዝርዝር ብቻ የሚመዘግብ ሰው ገለልተኛ ሥራ እየሠራ አይደለም። የናዚ መንግሥት ስለ ራሱ ሰዎች የጻፈውን ምስክርነት ኮፒ እያደረገ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ።

ወረቀቱ ከየት ይመጣል

መጀመሪያ ለሙያው የሚገባውን ክብር ልስጥ። መኮንንን ከመዝገብ ማጥናት ቀልድ አይደለም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጀርመን ፌደራል ቤተ መዛግብት ወታደራዊ ክፍል የሚገኘው ፍራይቡርግ ከተማ ነው። የምድር ጦር መኮንኖች የግል ማህደር እዚያ «ፐርስ 6» በሚል መለያ ተቀምጧል። በርሊን ውስጥ ደግሞ በ1939 የተቋቋመ፣ ስለ ወደቁና ስለ ተማረኩ ወታደሮች ለዘመድ መረጃ ሲሰጥ የኖረ መሥሪያ ቤት ነበር፤ በ2019 ከፌደራል ቤተ መዛግብት ጋር ተዋሃደ። የናዚ ፓርቲ የአባልነት ካርዶችማ ታሪካቸው ራሱ ፊልም ነው። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ተፈጭተው እንዲጠፉ ሙኒክ ወዳለ የወረቀት ፋብሪካ ተላኩ፤ የፋብሪካው ባለቤት ግን ሳይፈጫቸው ቀረ። አሜሪካኖች እጅ ገቡ፣ በርሊን ውስጥ ለአሥርት ዓመታት በእነሱ ጥበቃ ሥር ቆዩ፣ በ1994 ለጀርመን ተመለሱ።

ቀዳዳም አለ። ኤፕሪል 14 ቀን 1945 ማታ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ፖትስዳምን ሲደበድቡ የጦር ሠራዊቱ ቤተ መዛግብት ተቃጠለ። የቀድሞው የፕሩሲያ ጦር መዝገብ አብዛኛው አመድ ሆነ። ስለዚህ አንድ መኮንን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምን እንደሠራ ስትፈልጉ ብዙ ጊዜ የምታገኙት ባዶ ነው። ዳታቤዝ የሠራ ሰው ያውቃል፦ ባዶ ማለት «አልሆነም» ማለት አይደለም፣ «አልተመዘገበም» ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አንድ የግል ማህደር ስትከፍቱ ፎቶ ታገኛላችሁ፣ የአገልግሎት ዝርዝር፣ የሹመት ቀናት፣ የጋብቻ ፈቃድ፣ አንዳንዴ የቅጣት ወረቀት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አለቃው የጻፈው የአፈጻጸም ግምገማ ነው። ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ እዚህ ግምገማ ውስጥ መኮንኑ «በብሔራዊ ሶሻሊዝም አመለካከት ላይ የቆመ» ስለመሆኑ መግለጽ የተለመደ ሆነ። ይሄ የኔ አስተያየት አይደለም፣ የወታደር ቤት ቅጽ ላይ የተሞላ ዓረፍተ ነገር ነው። «ፖለቲካ ውስጥ የሌለበት ተራ ወታደር» የሚባለውን ሰው ፖለቲካ የሞላው የራሱ አለቃ ነው።

ኒሻኑስ እንዴት ይመጣል? ከላይ እንደ መና አይወርድም። አለቃው የድጋፍ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ከክፍለ ጦር ወደ ኮር፣ ከኮር ወደ ጦር፣ ከዚያ በርሊን ወዳለው የሠራተኛ አስተዳደር ይሄዳል። የፈረሰኛ መስቀል የሚባለው ትልቁ ኒሻን ከሆነ የመጨረሻው ውሳኔ የሂትለር ነው። እንግዲህ እዩት። «ጀግና ነው» ብሎ የጻፈው ድርጊቱን ያዘዘው ሰው ነው። ያጸደቀው ያ ሰው ያዘዘውን ያዘዘው ነው። በየትኛውም ፍርድ ቤት ይሄ የአንድ ወገን ቃል ይባላል። ሰብሳቢው ዘንድ ግን «ዋና ምንጭ» ይባልና ክርክሩ ይዘጋል።

በቀን የሚቆጠር ጀግንነት

በጣም ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። በጃንዋሪ 1944 አንድ አዲስ ባጅ ተቋቋመ፤ ስሙ ሲተረጎም «የሽፍታ ውጊያ ባጅ» እንደማለት ነው። ሦስት ደረጃ አለው፦ ለ20 የውጊያ ቀን ነሐስ፣ ለ50 ብር፣ ለ100 ወርቅ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይሄ ሕልም ነው፤ ቁጥር አለው፣ ደረጃ አለው፣ በቀላሉ ኮድ ይሆናል። ኮዱን ስጽፍ ፈገግ ብያለሁ።

ግን «ሽፍታ» ማን ነበር? በቤላሩስና በዩጎዝላቪያ የጀርመን ጦርና ኤስኤስ «ሽፍታ ማጽዳት» የሚሉት ዘመቻ በአብዛኛው ምን እንደነበር ሰነዱ አለ፦ መንደር መክበብ፣ ነዋሪውን መግደል፣ ቤቱን ማቃጠል፣ ከብቱን መንዳት። ማርች 22 ቀን 1943 ካቲን የምትባለው የቤላሩስ መንደር ነዋሪዎች ጎተራ ውስጥ ታጉረው ተቃጠሉ፤ ሊያመልጡ የሞከሩት በጥይት ተመቱ። 149 ሰው ሞተ፣ ግማሹ ሕፃናት ነበሩ። በቋንቋቸው ይሄም «ሽፍታን መዋጋት» ነው።

እያንዳንዱ «የውጊያ ቀን» እንዲህ ነበር አላልኩም። ከታጠቀ አርበኛ ጋር እውነተኛ ተኩስ የነበረበት ቀን ሞልቷል። የምለው፣ ሠንጠረዡ ሁለቱን አይለይም። ቀኑን ይቆጥርና ብር ይሰጣል። እኔም «ብር፣ 1944» ብዬ አስገብቼ ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፍኩ።

እኛ ደግሞ «ሽፍታ» የሚለው ቃል አገሩን በያዘ ባዕድ ጦር አፍ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰው እንዲነግረን አያስፈልገንም። የአያቴ አባት በጣሊያን ወረቀት ላይ ሽፍታ ነበር።

ሁለት ረድፎች

አሁን ከሠንጠረዡ ሁለት ሰው ላውጣ።

የመጀመሪያው ሃይንትስ ራይኔፋርት ነው። ሙያው ሕግ ነው። በ1940 ፈረንሳይ ላይ በበታች ሹም ማዕረግ ተዋግቶ የፈረሰኛ መስቀል አገኘ። በኋላ በኤስኤስና በፖሊስ ውስጥ ጄኔራል ሆነ። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1944 በመስቀሉ ላይ የኦክ ቅጠል ጭማሪ ተሰጠው፤ ይህ ከተራው መስቀል አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ነው። በሰብሳቢ ዓይን ይሄ ሰው ወርቅ ነው። ከበታች ሹምነት እስከ ጄኔራልነት ሁለት ጊዜ የተሸለመ! ፊርማው ያለበት ወረቀት ይሸጣል፣ ፎቶው ይሸጣል።

በምን ተሸለመ? የኦክ ቅጠሉ ለዋርሶ ነው። ኦገስት 1944 ዋርሶ ስታምጽ ራይኔፋርት የሚመራው ኃይል ቮላ በሚባለው ሠፈር ገባ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ነዋሪው ከየቤቱ፣ ከየፋብሪካው፣ ከየሆስፒታሉ እየወጣ ተረሸነ። ሴት፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ከ40 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሰው ነው። በዚያው ሴፕቴምበር 30 ቀን፣ ዋርሶ ላይ አብሮት የነበረው፣ ከወንጀለኞች የተሰባሰበ ጭፍራ የሚመራው ኦስካር ዲርለቫንገርም የፈረሰኛ መስቀል አገኘ።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። ራይኔፋርት ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሰሜን ጀርመን ሄደ። ዙልት በምትባለው የመዝናኛ ደሴት ላይ የቬስተርላንድ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፣ በ1958 ደግሞ የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት ምክር ቤት ገባ። ፖላንድ አሳልፋችሁ ስጡኝ ብላ ጠየቀች፣ አልተሰጣትም። ምርመራ ተከፍቶ ነበር፤ ለፍርድ ሳይቀርብ ተዘጋ። በ1979 አልጋው ላይ ሞተ። ከንቲባ በነበረበት ማዘጋጃ ቤት ላይ የቮላን ሟቾች የሚያስታውስ ጽሑፍ የተሰቀለው በ2014 ነው፤ ከጭፍጨፋው 70 ዓመት በኋላ።

ሠንጠረዤ ውስጥ የዚህ ሁሉ ዱካ «የኦክ ቅጠል፣ 30.09.1944» የሚል ብቻ ነው። ስህተት የለውም። ቀኑ ልክ ነው፣ ስሙ ልክ ነው። አንድም የሐሰት ቃል ሳይኖርበት ትልቅ ውሸት ነው።

ሁለተኛው ካርል ፕላገ ነው። ይሄ ሰው እንደኔ መሐንዲስ ነው፤ በ1924 ከዳርምሽታት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በ1931 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። ጸድቆ የተወለደ ሰው አልነበረም፤ ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ በፊት በፈቃዱ የገባ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቪልኒየስ ውስጥ «ኤችካፔ 562» የሚባል የወታደር መኪና ጥገና ክፍል አለቃ ሆነ፣ ማዕረጉም ሻለቃ። የፈረሰኛ መስቀል የለውም። ለሰብሳቢ ምንም ማለት አይደለም፤ የጋራዥ አለቃ ነዋ!

ይሄ የጋራዥ አለቃ ግን የሥራ ፈቃድ ወረቀት መሣሪያ እንደሚሆን ገባው። ፀጉር አስተካካዩን፣ ጫማ ሠሪውን፣ መካኒክ ያልሆነውን ሁሉ «አስፈላጊ የመኪና ሠራተኛ» እያለ ለአይሁዶች ወረቀት ሰጠ። በ1943 የቪልኒየስ ጌቶ ሊጠፋ ሲል ከ1,200 በላይ ሰዎችን ከነቤተሰባቸው ወደ ራሱ ካምፕ አዛወረ። ሁሉንም አላዳነም። በማርች 1944 እሱ ለእረፍት አገሩ በሄደበት ኤስኤስ መጥቶ የካምፑን ሕፃናት ወሰደ። ጁላይ 1 ቀን 1944 ግን፣ የሶቪየት ጦር ሲቃረብ፣ ኤስኤስ ባለበት ለእስረኞቹ ንግግር አደረገ። ከዚህ በኋላ የሚያጅባችሁ ኤስኤስ ነው፣ ኤስኤስ እስረኞቹን እንዴት «እንደሚጠብቅ» ደግሞ ታውቃላችሁ አላቸው። የሰማ ሰማ። ጣሪያ ውስጥ፣ ወለል ሥር፣ ግድግዳ ውስጥ ተደበቁ። ብዙዎቹ ተገኝተው ተገደሉ። 250 ያህል ሰው ተረፈ።

ከጦርነቱ በኋላ ፕላገ በናዚነት ማጣሪያ ችሎት ቀረበ። በሕይወት የተረፉ አይሁዶች ሰምተው ምስክርነት ላኩለት። ችሎቱ ነጻ ሊለው ሲችል እሱ ራሱ «ተከታይ» በሚለው መደብ እንዲመዘገብ ፈለገ። በ1957 ሞተ። ማንም አያውቀውም ነበር።

እንዴት ተገኘ? በመዝገብ! ለዚህ ነው በቤተ መዛግብት ላይ የማልቀልደው። ማይክል ጉድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም፣ እናቱ ከዚያ ካምፕ የተረፈች፣ ሰውየውን ፍለጋ ተነሳ። የተረፉት ሰዎች የሚያውቁት «ሻለቃ ፕላገ» የሚለውን ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያ ስሙን እንኳ አያውቁም። ከጓዶቹ ጋር ሆኖ የችሎቱን ፋይል እስኪያገኝ ፈለገ። የእስራኤሉ ያድ ቫሼም መጀመሪያ ማስረጃው አይበቃም አለ፤ ተጨማሪ ሰነድ ቀረበ። በ2005 ፕላገ ከአሕዛብ ጻድቃን አንዱ ተባለ። በ2006 ፕፉንግሽታት ያለ አንድ የጀርመን ጦር ሠፈር በስሙ ተጠራ።

አሁን የደንበኛዬን ሠንጠረዥ በኒሻን ደረጃ ደርድሩት። ራይኔፋርት ላይ፣ ፕላገ ታች። የፓርቲ አባልነትን ጨምሩበት፤ ፕላገ የ1931 አባል ስለሆነ ጭራሽ ይብስበታል። ይሄ ኮድ ላይ ያለ ስህተት አይደለም። ኮዱ በትክክል እየሠራ ነው። የናዚ መንግሥት ለማን ዋጋ እንደሰጠ ጠየቅነው፣ በትክክል መለሰልን።

«ፖለቲካ አታስገባ»

ለደንበኛዬ ጻፍኩለት። ሦስት ዓምድ ልጨምር አልኩት፦ ኒሻኑ የተሰጠበት ድርጊትና ቦታ፣ ክፍሉ በዚያ ቀን በሲቪልና በምርኮኛ ላይ ያደረገው ነገር፣ ከጦርነቱ በኋላ የተከፈተ ክስ። ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቅኩም። መልሱ በአሥር ደቂቃ መጣ፦ ፖለቲካ አታስገባ፣ ዳታው ንጹሕ ይሁን።

ይቺን መልስ በቅንነት ልያት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከልቡ ያምንባታል።

አንደኛ፣ «ወንጀሉ የኤስኤስ ነው፣ ጦሩ ንጹሕ ነበር» ይባላል። ፊሊክስ ሮመር የሚባል ጀርመናዊ የታሪክ ተመራማሪ፣ የተማረኩ የሶቪየት የፖለቲካ ሹሞች እንዲረሸኑ በጁን 1941 የወጣውን ትዕዛዝ በጦሩ በራሱ ወረቀት ተከታተለው። በምሥራቅ ግንባር ከነበሩት 137 ክፍለ ጦሮች 116ቱ ግድያውን ሪፖርት አድርገዋል። ሪፖርት! በቁጥር፣ በቀን፣ በፊርማ። ፊልድ ማርሻል ማንሽታይን በኖቬምበር 1941 በአይሁዶች ላይ የሚወሰደውን «ከባድ ቅጣት» ወታደሩ እንዲረዳ የሚል ትዕዛዝ ፈርሟል። በ1949 ሃምቡርግ ላይ 18 ዓመት ተፈረደበት፣ በ1953 ተፈታ፣ በ1955 ስለ ጠፉ ድሎቹ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ልጆች የሚያነቡት መጽሐፉን ነው፣ ፍርዱን አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ዳታ ገለልተኛ ነው» ይባላል። ዳታ መራጭ አለው። የትኛው ዓምድ ይኑር የሚለው ውሳኔ ከመጀመሪያው ረድፍ በፊት ይወሰናል። ሌላ ምሳሌ ልስጥ። ሂትለር ለፊልድ ማርሻሎቹ በየወሩ ግብር የማይነካው 4,000 ራይሽስማርክ ከደመወዛቸው ውጭ ይከፍል ነበር። ለአንዳንዱ መሬት ሰጠ፤ የታንክ ጦር ሊቅ የሚባለው ጉዴሪያን በተያዘችው ፖላንድ ሰፊ የእርሻ ርስት ተቀበለ። ይሄም ሽልማት ነው አይደል? ከመሪው እጅ፣ ለአገልግሎት፣ በሰነድ የተረጋገጠ። የትኛው የኒሻን ዝርዝር ላይ አያችሁት? የብረት ቁራጭ «ዳታ» ነው፣ የሰው መሬት «ፖለቲካ» ነው።

ሦስተኛ፣ «እኛ ጥብቅ ነን፣ ያለ ሰነድ አንቀበልም» ይባላል። እውነት ነው፣ ጥብቅ ናቸው። ከ7,300 በላይ ከሚሆኑት የፈረሰኛ መስቀል ተሸላሚዎች መካከል 193ቱ በቤተ መዛግብት በቂ ማስረጃ የላቸውም ብሎ ፋይት ሼርትሰር በ2007 መጽሐፍ ሲያወጣ ትልቅ ክርክር ተነሳ። ፊርማው ደርሶ ነበር ወይስ አልደረሰም? በመጨረሻዎቹ የጦርነቱ ቀናት የጸደቀው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ለአንድ ፊርማ ይህን ያህል ጥንቃቄ ያለው ሰው፣ ፊርማው ስለምን እንደተፈረመ ሲጠየቅ «እሱ የኔ መስክ አይደለም» ይላል። የሚያመኝ ይሄ ነው። ችሎታው አለ፣ ትዕግሥቱ አለ፣ ጀርመንኛው አለ፣ የማህደሩ ቁጥር በቃሉ ነው። አንድ እርምጃ ብቻ አይሄድም።

እርምጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። የክፍለ ጦሮቹ የውጊያ ማስታወሻ ያለው እዚያው ፍራይቡርግ ውስጥ ነው። ሉድቪግስቡርግ ከተማ ከ1958 ጀምሮ የናዚ ወንጀሎችን የሚመረምር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት አለ፤ በስም፣ በቦታና በክፍል የተደራጁ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ካርዶች አሉት። በኔ ቋንቋ፣ ሁለቱን ሠንጠረዦች የሚያገናኘው ቁልፍ አለ፦ የክፍሉ ስምና ቀኑ። ማገናኘት አለመቻል አይደለም ችግሩ፣ አለመፈለግ ነው።

ባዶው ቦታ ላይም እመለሳለሁ ብዬ ነበር። «በፋይሉ ላይ ወንጀል የለም፣ ስለዚህ ንጹሕ ነው» የሚሉት ሰዎች ባዶን እንደ ዜሮ እየቆጠሩ ነው። የሹመት ማህደር ወንጀል ለመመዝገብ አልተሠራም። የባንክ ደብተሬ ላይ ጉንፋን መያዜ ስላልተጻፈ ጤነኛ ነበርኩ ማለት ነው?

ግን ፍትሐዊ እንሁን፤ ጥንቃቄው ለኛም ነው። በ1995 ሃምቡርግ ላይ የጀመረው፣ የጦሩን ወንጀል ለጀርመን ሕዝብ ያሳየው ትልቅ ዐውደ ርዕይ በ1999 ቆመ፤ አንዳንድ ፎቶዎች በስህተት ተገልጸው ነበር። የታሪክ ሊቃውንት ኮሚሽን መርምሮ ዋናው ሐሳብ ልክ ነው፣ ስህተቶቹ ግን ስህተት ናቸው አለ። ታርሞ በ2001 እንደገና ተከፈተ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። «ክፍሉ ወንጀል ሠርቷል» ማለትና «ይሄ ሻምበል በዚያ ቀን እዚያ ነበር» ማለት የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ የጠየቅኩት ዓምድ «ወንጀለኛ፦ አዎ ወይም አይ» የሚል አልነበረም። ቦታ፣ ቀን፣ ክፍል፣ የሰነድ ቁጥር። አንባቢው ራሱ ይይ።

መስቀሉን መፋቅ

ምዕራብ ጀርመን በ1957 አንድ ሕግ አወጣች። የናዚ ዘመን ኒሻን ማድረግ ተፈቀደ፣ ስዋስቲካው እስከወጣለት ድረስ። ሰዎች ኒሻናቸውን ያለ ስዋስቲካ አሠርተው እንደገና ደረታቸው ላይ ሰኩ። መስቀሉ ያው፣ ሪባኑ ያው፣ ምልክቱ ብቻ የለም። የኔ ዳታቤዝ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ስዋስቲካውን ፋቅኩና የቀረውን በሚያምር ፎንት አቀረብኩ።

ይሄ ሩቅ አገር ያለ የሽማግሌዎች ጨዋታ ነው የምትሉ ካላችሁ ስልካችሁን ክፈቱ። በአማርኛ «የጦር ሊቆች» እያለ ሮመልንና ማንሽታይንን በጀርባ ሙዚቃ የሚያቀርብ ቪዲዮ ስንት አይታችኋል? እኔ በ12ኛ ክፍል እንዲህ ዓይነቱን ነበር የማየው፤ ክፍለ ጦር በቀስት ሲከበብ፣ ቀስቱ ሥር መንደር እንዳለ ሳይታየኝ።

ነገሩ ግን ቤታችንም ደርሷል። በኦገስት 2012 አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሲመረቅ ኢትዮጵያውያን በየአገሩ ተቃውመዋል። የግራዚያኒን የአገልግሎት ዝርዝር ብቻ ብታነቡ ማርሻል ነው፣ የኢትዮጵያ ምክትል ንጉሥ ነው፣ «የነገሌ ማርኪዝ» ነው። ነገሌ የኛ ነገሌ ናት። በ1950 የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ለየካቲት 12 አንድም ቀን ፍርድ ቤት አልቆመም። መታሰቢያውን የሠሩት ሰዎች ዝርዝሩን ያውቁ ነበር። ያልጠየቁት «ማርኪዝነቱን በምን አገኘው» የሚለውን ነው። ያኔ የተናደድን ሰዎች የቮላን ሟቾች ከሠንጠረዥ ስንሰርዝ ምን ልንባል ነው?

ነገ ደግሞ የኛ የራሳችን ማህደሮች ይከፈታሉ። ማን የት አዘዘ፣ ማን በምን ተሾመ የሚለውን ከኛ መሀል የሆነ ልጅ ኮድ ይጽፍለታል። ያ ልጅ ዓምዶቹን ሲመርጥ፣ «ዳታው ንጹሕ ይሁን» የሚል ደንበኛ አጠገቡ ይኖራል። የማን ወገን ይሁን አልልም። «በምን» የሚለውን ዓምድ ለሁሉም እኩል ይክፈተው እላለሁ፤ ለሚወደውም ለሚጠላውም።

ሠንጠረዡን አስረክቤዋለሁ። ልዋሽ አልፈልግም፤ ክፍያው የሦስት ወር ኪራይ ሆኖልኛል። ሁለተኛውን ዙር ሥራ ግን አልያዝኩም። ለደንበኛዬ የላክሁት የመጨረሻ መልእክት ላይ የራይኔፋርትን ረድፍ ብቻ፣ ሦስቱን ዓምድ ሞልቼ፣ አያይዤለታለሁ። አልመለሰልኝም።

ባለፈው እሑድ ለአያቴ የሁለቱን ሰዎች ታሪክ አወራኋት። የራይኔፋርትን ስትሰማ ምንም አላለችም፣ ጀበናውን ብቻ ከእሳቱ አወረደችው። የፕላገን ስጨርስ ጠየቀችኝ፦

«ይሄኛውን ሳይሸልሙት ቀሩ?»

«ከሞተ ከአርባ ምናምን ዓመት በኋላ እማማ። ያዳናቸው ሰዎችና ልጆቻቸው ፈልገው አገኙት፣ እነሱ አሸለሙት።»

«በምን እንደተሸለመ ያውቃሉ ማለት ነው» አለችና ሁለተኛውን ሲኒ ቀዳችልኝ።